«ኮብልስቶኑ ነው» አትበሉኝ፦ ስለ ባጃጅ የፊት ቡሽ

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ባጃጁን ይዞ መጣ። የፊት ጎማውን በሁለት እጄ ይዤ ብነቀንቀው ቋ፣ ቋ አለ። «ምን አግኝቶት ነው?» ብለው «ኮብልስቶኑ ነዋ ጋሼ» አለኝ፣ ምንም ሳያስብ።

ይችን መልስ ሰምቼ ሰምቼ ጆሮዬ ታክቶታል። ኮብልስቶን አፍ ስለሌለው የባሕር ዳር ሾፌር ሁሉ ጥፋቱን እሱ ላይ ይለጥፋል። እኔም «ዓባይ ድልድይ ላይስ እንዴት ነው?» አልኩት። በ2016 ግንቦት ላይ የተመረቀው አዲሱ ድልድይ 380 ሜትር ነው፤ ከዳር እስከ ዳር አንዲት ኮብልስቶን የለበትም። ልጁ ትንሽ አሰበና «እዚያም እጄን ይነቀንቀኛል» አለ። በቃ፣ ምርመራው አለቀ። ኮብልስቶን ላይ ማንኛውም ባጃጅ ይንቀጠቀጣል። ለስላሳ አስፋልት ላይም የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ግን ጥፋቱን መንገዱ ላይ አትፈልጉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፊት ጎማውን የሚይዘው ክንድ ከመሪው ዘንግ ግርጌ ላይ በፒን ይታሰራል። ጎማው ጉድጓድ ሲያገኝ ክንዱ በፒኑ ላይ ከፍ ዝቅ ይላል። በክንዱና በፒኑ መካከል የምትገባው ቀለበት ናት ቡሽ የምንላት፤ የድሮ መካኒኮች ቦኮላ ይሏታል። የተሠራችው ዋናው ብረት እንዳያልቅ እሷ እንድታልቅለት ነው። በደንብ ግሪስ ካገኘች ኮብልስቶኑን ትችለዋለች። የማትችለው ደረቅ ሆኖ መፋተግን ነው።

ታዲያ ማን አደረቃት? እናንተው። ጠዋት ሐይቁ ዳር ወይ ዓባይ ዳር ወርዳችሁ፣ የፊት ጎማውን ውሃ ውስጥ አስገብታችሁ፣ በኦሞ ፈትጋችሁ ስታጥቡት። ኦሞ የወጥ ቅባት ከሰሃን ላይ እንደሚያነሳ ሁሉ ግሪስንም ያነሳል። የተሰነጠቀ የአቧራ መከላከያ ላስቲክ ካለ ደግሞ ውሃው አሸዋውን ይዞ ይገባል፤ አሸዋና የተረፈች ግሪስ ሲቀላቀሉ ብርጭቆ ወረቀት ማለት ነው። ጉዳቱ የሚሰማው ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ ከእጥበቱ ጋር የሚያገናኘው ሰው የለም። የዚያን ቀን ኮብልስቶን ላይ ነበረ፣ ስለዚህ ኮብልስቶኑ ነው! የታጠበው ዘይትና ግሪስ ደግሞ ሐይቁ ውስጥ ነው የሚቀረው፤ ማታ ዓሣ ጥብስ ስታዙ አስቡት።

አትጠቡ አላልኩም። በባልዲ፣ ከሐይቁ ራቅ ብላችሁ እጠቡ፤ የፊቱን ክንድ በጨርቅ ጥረጉ። ከዚያ ግሪስ መግቢያ ካለው በፓምፕ ስጡት፤ አሮጌው ጥቁር ግሪስ ወጥቶ ንጹሑ ብቅ እስኪል ድረስ። መግቢያ ከሌለው ተፈትቶ ይቀባ፤ በተለይ ከክረምት በፊት ሰኔ ላይና ክረምቱ ሲወጣ።

«ግሪስ ከሰጠሁት ይድናል» የሚሉም አሉ። ግሪስ ያለቀ ብረት አይመልስም። ድምፁን ለሁለት ቀን ያፍነዋል፣ ከዚያ ቋቋታው ተመልሶ ይመጣል።

አሁን ደሜን ወደሚያፈላው ልምጣ፦ «ቡሹን ብቻ ቀይርልኝ፣ ፒኑ ደህና ነው።» ማን ነገራችሁ? ፒኑ ሲያዩት ያብለጨልጫል፣ ደህና ይመስላል። ጥፍራችሁን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሂዱበት። ጥፍር የሚይዝ ቦታ ካለ ፒኑ ተበልቷል፤ የሚበላው ደግሞ በአንድ ወገን ስለሆነ ክቡ ሞላላ ሆኗል። አዲስ ቡሽ በሞላላ ፒን ላይ ስታስገቡ ሙሉ በሙሉ አይነካካም፤ ጭነቱ ሁሉ ጥቂት ቦታ ላይ ያርፍና ያንን ቦታ በፍጥነት ይበላዋል። ባለፈው ዓመት አንድ የዓባይ ማዶ ሰውዬ «ፒኑን ተው፣ አታስወጣኝ» ብሎ አስቀየረኝ። በሁለት ወሩ ተመለሰ። አሁንም ተው አለኝ። በሦስተኛው ግን ፒኑን አውጥቼ ጣቱን ይዤ አስነካሁት፤ ሳቀ። ሦስት ጊዜ የእጅ ዋጋ ከፍሏል፤ በዚያ ብር ስንት ፒን ይገዛ ነበር!

«ትንሽ መላላት ምን ያመጣል?» ቡሹ ከጫፍ እስከ ጫፍ 4 ሳንቲሜትር ርዝመት ቢኖረውና ግማሽ ሚሊሜትር ቢላላ፣ የፊት ጎማው ከመሃሉ እስከ መሬት 20 ሳንቲሜትር ገደማ ስለሆነ፣ መሬት የሚነካው ቦታ ላይ 2 ሚሊሜትር ተኩል ይወላገዳል። ፊት ያለው ጎማ ደግሞ አንድ ነው፣ ተጠባባቂ የለውም።

የሃይላንድ ፕላስቲክ ቆርጦ ፒኑ ላይ መጠቅለል ጥገና አይደለም። ስለሱ ሌላ ቃል አልጨምርም።

«አላይመንት ይሠራልኝ።» ፊት ያለው አንድ ጎማ ከማን ጋር ይስተካከል? ወደ ጎን የሚስብ ከሆነ የኋላ ጎማዎቹን አየር አመጣጥኑ፣ የሚይዝ ፍሬን ካለ እዩ፣ ቀጥሎ ክንዱ መጣመሙን።

«አዲስ ቡሽ ጠበቅ ማለት አለበት፣ ሲሠራ ይለቃል።» አይለቅም፣ ፒኑን ይይዛል። ፒኑ በእጅ ተገፍቶ መግባት፣ ሳይንገጫገጭ መዞር አለበት። ቡሹን በመዶሻ ቀጥ አድርጎ የሚመታ መካኒክ ካያችሁ ባጃጃችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ጠርዙ ይጨፈለቅና ውስጡ ይጠብባል። ረጅም ቡሎን፣ ሁለት ወፍራም ሮንዴላና ዳዶ ይበቃል፤ ዳዶው ሲጠብቅ ቡሹ ቀስ ብሎ ቀጥ ብሎ ይገባል። ከዚያ በፊት ቡሹን ፍሪጅ በረዶ ቤት ውስጥ ማሳደር ደግሞ ሥራውን ያቀላል፤ ባለቤቴ ግን ከሥጋው አጠገብ አግኝታው ተቆጥታለች።

ወደ እኔ ከመምጣታችሁ በፊት ይህን ሞክሩ። ፊቱን በክሪክ አንሱና ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁ። ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥ። ፍሬን ሲረገጥ መላላቱ ከጠፋ የጎማው ኩሽኔታ ነው። ካልጠፋ ክንዱ የታሰረበት ላይ ጣት አድርጉ፤ እዚያ ከተሰማ ቡሹ ነው። እዚያ ከሌለ የመሪውን አንገት ነቅንቁ፤ እዚያ ከተሰማ የአንገቱ ኩሽኔታ ነው። መሪው ቀጥ ሲል መሃል ላይ ገብቶ የሚይዝ ከሆነም ያው አንገቱ ነው፣ ብታጠብቁት አይስተካከልም፤ ይቀየር።

ልጁ ቡሽም ፒንም ቀይሮ ሄደ። ከሳምንት በኋላ ዳዶውን እንዳይለት ተመለስ ብዬዋለሁ፤ በነፃ ነው። ለሁሉም እላለሁ፣ እስካሁን የተመለሰ የለም።