አሳማኝ የአደባባይ ንግግር በጎንደር፦ መሠረቱና ልማዱ

አሳማኝ ንግግር አንድ ሰው በተሰበሰበ ሕዝብ ፊት ቆሞ፣ አድማጮቹ አንድን ሐሳብ እንዲቀበሉ፣ አቋማቸውን እንዲለውጡ ወይም አንድ ተግባር እንዲፈጽሙ የሚያቀርበው ንግግር ነው። ከገለጻ ይለያል። ገለጻ አድማጩ ነገሩን ከተረዳ ግቡን መትቷል፤ አሳማኝ ንግግር ግን ሥራውን የሚጀምረው አድማጩ «ገብቶኛል፤ ነገር ግን አልስማማም» ሲል ነው። ከአንደበት ቅልጥፍና አስቀድሞ አድማጭን ማወቅ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ጎንደር ይህን ቁም ነገር በችሎት፣ በጉባኤ ቤትና በሽምግልና ለዘመናት ስትለማመደው ኖራለች።

አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ከቆረቆሯት በኋላ ከተማዋ ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ የነገሥታት መቀመጫ ነበረች። አዋጁም፣ አቤቱታውም፣ ሙግቱም በቃል የሚነገር፣ በጆሮ የሚሰማ ነበር። የፋሲል ግቢ ካሉት 12 በሮች አንዱ፣ ወንበር በር፣ የዳኞች በር ነው።

የቃል ሙግቱ ከፍተኛ ደረጃ «በላ ልበልሃ» የሚባለው የክርክር ሥርዓት ነው። በሰሜኑና በመካከለኛው የአገሪቱ ክፍል በሰፊው የታወቀ ሲሆን፣ ዘመናዊ ሕጎችና የጽሑፍ ክርክር እስኪተኩት ድረስ ቆይቷል። ከሳሽና ተከሳሽ ልብሳቸውን አሸርጠው በዳኛው ፊት ይቆማሉ። አንዱ የነገሩን ፍሬ በግጥምና በምሳሌ እያዋዛ ያቀርባል፤ ሌላው ሳያቋርጥ ሰምቶ ተራው ሲደርስ ነጥብ በነጥብ ይመልሳል። በነገሩ የሚተማመን ተሟጋች በማር ወይም በበቅሎ ይወራረዳል። መንገድ ላይ በተነሣ ጠብ ደግሞ አላፊ አግዳሚው እንዲዳኝ ይለመን ነበር። ስለዚህ ተሟጋቹ ሁለት ዓይነት አድማጭ ነበረው፦ ሕግና ልማድ የሚያውቀው ዳኛና ዙሪያውን የቆመው ሕዝብ። ግጥሙ ሕዝቡን ይይዛል፣ ዳኛውን ግን ያለ ምስክርና ያለ ዋስ አያሳምንም። ዛሬ ስለ በላ ልበልሃ ሲወራ የሚደነቀው ግጥሙ ብቻ መሆኑ ያሳዝናል፤ የተቃራኒን ቃል እስከ መጨረሻው ሰምቶ በአእምሮ ይዞ መመለስ ከግጥሙ የሚበልጥ ችሎታ ነው።

ሁለተኛው ማሠልጠኛ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው። የቅኔ ተማሪ ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ማለትም ይደርሳል፤ ከዚያ በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ይነግራል፣ ይታረማል። ጎንደር በተለይ የታወቀችበት የመጻሕፍት ትርጓሜ ደግሞ አንዱን ንባብ «አንድም» እያለ በበርካታ መንገድ ይፈታል፤ ተማሪው አንድ ነገር ከአንድ በላይ ትርጉም ሊኖረው እንደሚችል አውቆ ያድጋል። በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ክርስቶስ በሚያስተምሩት ትምህርት የተለያዩት የተዋሕዶና የቅባት ሊቃውንት ነገሥታቱ በተገኙባቸው ጉባኤዎች ሲከራከሩ፣ እያንዳንዱ ወገን ሌላውም በሚቀበላቸው መጻሕፍት መሟገት ነበረበት። ተከራካሪው የማይቀበለውን ምስክር መጥራት ከንቱ ድካም ነው፤ ይህ ሕግ ዛሬም አልተለወጠም።

በጽሑፍ የደረሰን ታዋቂው የንግግር ጥበብ ትንተና የግሪካዊው ፈላስፋ የአርስቶትል ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ክፍለ ዘመን ማሳመኛዎችን በሦስት ከፈላቸው፦ የተናጋሪው ተአማኒነት፣ የአድማጩ ስሜትና የነገሩ አመክንዮ። ንግግርንም በሦስት መድቧል፤ ወደፊት ምን እናድርግ የሚለው የምክር ንግግር፣ ያለፈውን የሚመረምረው የችሎት ንግግር፣ የሚያወድሰው ወይም የሚነቅፈው የበዓል ንግግር። ሮማውያን ደግሞ ዝግጅቱን አምስት አድርገው አስተማሩ፦ ሐሳብ መፈለግ፣ ማደራጀት፣ ቃል መምረጥ፣ ማስታወስና ማቅረብ። ለጎንደር ሰው የምክሩ ቦታ የዕድር ስብሰባ፣ የችሎቱ ፍርድ ቤት፣ የበዓሉ ሠርግና ተዝካር ነው፤ ክፍፍሉ ለመረዳት አያስቸግርም።

በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው የንግግር መምህር አለን ሞንሮ ያቀረበው ቅደም ተከተል ለምክር ንግግር እስካሁን በስፋት ይሠራበታል፦ ትኩረት መሳብ፣ ችግሩን ማሳየት፣ መፍትሔውን ማቅረብ፣ ውጤቱን በዓይነ ሕሊና ማሳየት፣ በመጨረሻም የሚፈለገውን ተግባር መጠየቅ። አዘዞ ውስጥ ያለ አንድ ዕድር ድንኳኑ አረጀበት እንበል። ሰብሳቢው «የወር መዋጮው በ20 ብር እንዲጨምር ኮሚቴው ወስኗል» ብሎ ቢጀምር ማጉረምረም ይከተለዋል። ያው ሰው «ባለፈው ክረምት ለቅሶ ላይ ዝናቡ በድንኳኑ ቀዳዳ ሲገባ፣ እናቶቻችን ወንበራቸውን ይዘው ከጥግ ጥግ ሲዞሩ ሁላችንም አይተናል» ብሎ ቢነሣ ግን ማንም አይቃወመውም፤ ሁሉም ያየው ነውና። ቀጥሎ ድንኳኑ ስንት ጊዜ እንደተሰፋና ለጥገናው የወጣውን ብር ከመዝገቡ ያነብባል። አዲሱ ሸራ ገበያ ላይ የሚያወጣውን ዋጋ ይናገራል። የሚመጣውን ክረምት ያስታውሳል። 20 ብሩን የሚጠራው በመጨረሻ ነው፤ ያን ጊዜ አድማጩ ብሩን የሚመዝነው ካየው ዝናብ ጋር ነው።

ንግግሩ ግን አልተሟላም። «ጡረተኞቻችንስ ከየት ያመጣሉ?» የሚል ሰው መነሣቱ አይቀርም። ጎበዝ ተናጋሪ ጥያቄውን ሌላ ሰው እስኪያነሣው አይጠብቅም፤ ራሱ ያነሣዋል፣ መልሱንም ይዞ ይቀርባል። የተቃራኒውን ሐሳብ ጠቅሶ የሚመልስ ንግግር ዝም ብሎ ከሚያልፈው የበለጠ እንደሚያሳምን በ20ኛው ክፍለ ዘመን የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። የጎንደር ሽማግሌዎች ይህን ያውቁታል። የተጣሉ ሰዎችን ለማስታረቅ የተቀመጠ ሽማግሌ ፍርድ ከመናገሩ በፊት የአንደኛውን ቅሬታ፣ ቀጥሎም የሌላኛውን፣ ባለቤቶቹ ከተናገሩት አሳምሮ ይደግመዋል። «የበደለህ እንዲህ አድርጎ ነው፤ ያስቀየመህም ይህ ነው፤ አጎደልሁ?» ብሎ ይጠይቃል። ተበዳዩ «አላጎደሉም አባቴ» ካለ በኋላ የሚሰማው ምክር ከዚያ በፊት ከሚሰማው እጅግ ይለያል። እኔ ለጀማሪ ተናጋሪ ከእጅ አነቃነቅና ከዓይን አጣጣል በፊት ይህን ባስተማርሁት እላለሁ።

ተአማኒነት በአንድ ቀን አይገነባም። እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው፣ በኋላም ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያደገው የጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ያሠለጠነው በገጠሩ ሕዝብ መካከል እንዲሠሩ ነው። ስለ መጸዳጃ ጉድጓድ ወይም ስለ ክትባት ለገበሬ የሚናገር ባለሙያ ከዲፕሎማው ይልቅ በሥራው ይታመናል። መንደሩ የሚያከብራቸው ቄስ ወይም የዕድር ዳኛ ጉድጓዱን አስቀድመው ካስቆፈሩ ንግግሩ አጭር ሊሆን ይችላል። ያላደረገውን አድርጉ የሚል ተናጋሪ ግን ንግግሩ ምንም ያህል ቢያምር ሰው ፊቱን ያዞርበታል።

አቀራረቡን በተመለከተ ጥቂት ነገር ይበቃል። በአዳራሽ ውስጥ ድምፅ ማጉያውን ከአፍ በጣም ማስጠጋት ፊደሎቹን ያፍናል። በሜዳ ላይ ደግሞ ዓረፍተ ነገሮች አጭር፣ በመካከላቸውም ዕረፍት ያስፈልጋል፤ ድምፁ ከኋላ የቆመው ሰው ጋር ደርሶ እስኪረጋ ድረስ። ጽሑፍ ማንበብ አይከለከልም፣ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ግን በቃል መያዝ ይገባል። ስብሰባው በሽማግሌ ምርቃት የሚዘጋ ከሆነ የመዋጮው ጥያቄ፣ ድምፅ አሰጣጡና የስም ምዝገባው ሁሉ ከምርቃቱ በፊት ማለቅ አለባቸው፤ «አሜን» ከተባለ በኋላ ሰው ነጠላውን አስተካክሎ ይነሣል፣ ከዚያ ወዲያ የሚጠየቅ ነገር ለሚቀጥለው ወር ይተላለፋል።