«ቺንጋው ነው፤ ቀይርልኝ»

ኮፈኑ ገና ሳይከፈት ነው ይህ የሚባለው። ሐኪም ቤት ሄዶ «ጨጓራዬን ቀይርልኝ» የሚል ሰው አላጋጠመኝም፤ መኪናው የጮኸበት ሰው ግን ምርመራውን ቤቱ ጨርሶ፣ ዕቃውንም ገዝቶ ነው የሚመጣው። ዓመታት ስሰማው ሰለቸኝ፤ ልጻፈው።

አዎ፣ ብዙ ጊዜ ድምፁ የሚወጣው ከቺንጋው፣ ማለትም ሞተሩ ሌሎች ዕቃዎችን ከሚያዞርበት የጎማ ቀበቶ ነው። ቀበቶው ፑሌጃው፣ ማለትም የተጠመጠመበት ክብ መዘውር ላይ ሲንሸራተት ይጮኻል። ጥያቄው ለምን ተንሸራተተ ነው። ቺንጋ ባትሪ የሚሞላውን ዲናሞ፣ የኤሲውን ኮምፕረሰር፣ በብዙ መኪኖች ደግሞ የውሃውንና የመሪውን ፓምፕ ያዞራል። ከእነዚህ አንዱ ኩሽኔታው (ዘንጉ ተደግፎ የሚዞርበት ዕቃ) ደርቆ አልዞርም ካለ፣ ወይም አንዱ ፑሌጃ ከመስመር ከወጣ፣ ወይም ዘይትና የራዲያተር ውሃ ከተንጠባጠበበት፣ ወይም መወጠሪያው ከደከመ ቺንጋው ይጮኻል። ጥፋቱ የሌላ ነው፤ የሚቀየረው ግን ሁልጊዜ እሱ ነው።

አንድ ደንበኛዬ በአምስት ወር ውስጥ ሦስተኛ ቺንጋ ይዞ መጣ። አዲስ በገባ ቁጥር ድምፁ ይጠፋል፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ይመለሳል። «የዘንድሮ ዕቃ እኮ ፎርጅድ ነው» አለኝ። መወጠሪያውን በቁልፍ ገፋ ሳደርገው ምንም ሳይታገለኝ ሄደ፤ ስፕሪንጉ ሞቷል። አዲስ ቺንጋ ገና ስላልተለጠጠ ለጊዜው የመወጠሪያውን ድካም ይሸፍንለታል፤ ትንሽ ሲላላ ጩኸቱ ይመለሳል። መወጠሪያውን ቀየርኩ፤ ያመጣው ሦስተኛ ቺንጋ ዛሬም እየሠራ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ሞክሩ። ሞተሩ ተነስቶ ድምፁ እየተሰማ፣ እጅና እጅጌያችሁን አርቃችሁ፣ ጥርስ ባለው የቺንጋው ገጽ ላይ በመርጫ ትንሽ ውሃ እርጩ። ድምፁ ለትንሽ ጊዜ ጠፍቶ ከተመለሰ ፑሌጃዎቹ መስመር ለመስመር አይደሉም ማለት ነው። ከባሰበት ውጥረቱ ላልቷል። ምንም ካልተለወጠ ደግሞ ኩሽኔታ ጠርጥሩ፤ ሞተሩን አጥፍታችሁ ቺንጋውን ፍቱና ፑሌጃዎቹን አንድ በአንድ በእጅ አዙሩ። የሚያንገጫግጭ ወይም ወዲያ ወዲህ የሚል ካለ ተገኘ። ይህን ያህል ነው ሥራው!

«ሳሙና ቀባሁት፣ ዝም አለ።» ዝም ይላላ! የቺንጋ ማለስለሻ የሚባለው ርጭትም ያው ነው፤ አቧራ ይሰበስባል፣ መንስኤውንም ይደብቃል። ግራሶና ዘይት የሚቀቡ ሰዎችንስ ምን ልበላቸው? መንሸራተት ያስጮኸውን ነገር ይበልጥ እንዲንሸራተት ያደርጉታል።

«አጥብቀህ ወጥረው» የሚለውን ምክር እኔም አምኜበት ነበር። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን በእጅ የሚወጠር ቺንጋ ያለው መኪና መጥቶ እንደ ክራር ክር ወጠርኩት። ድምፁ ጠፋ፤ ባለቤቱ አመሰገነኝ። ብዙም ሳይቆይ የዲናሞው ኩሽኔታ ተበልቶ ተመለሰ። ከመጠን ያለፈ ውጥረት የዲናሞንና የውሃ ፓምፕን ኩሽኔታ ይበላል። የዚያን ዲናሞ ዋጋ ከኪሴ ነው የከፈልኩት።

«ጠዋት ብቻ ነው፣ ሲሞቅ ይተዋል» የሚሉም አሉ። ጠዋት ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ከባትሪው ብዙ ኃይል ወስዷል፤ ዲናሞው ያንን ለመተካት ጠንክሮ ስለሚሠራ ቺንጋው ላይ ሸክሙ የሚበዛው ያኔ ነው። ስለዚህ የላላ ቺንጋ መጀመሪያ የሚያጋልጠው ጠዋት ነው። ኤሲ ሲበራ ወይም መሪ እስከ ጥግ ሲዞር የሚጮኸውም እንዲሁ።

«ቺንጋው አልተሰነጠቀም፣ ደህና ነው»፦ የድሮው፣ ኒዮፕሪን ከሚባል ጎማ የተሠራው ቺንጋ ሲያረጅ ይሰነጠቃል፤ የዛሬው፣ ኢፒዲኤም ከሚባል ጎማ የተሠራው ግን እንደ መኪና ጎማ ጥርሱ እየተበላ ነው የሚያልቀው፣ ስንጥቅ ላያሳይ ይችላል።

ወደ ፍሬን ስንመጣ ደግሞ ሰው በተቃራኒው ይሳሳታል፤ የሚያስፈራውን ይንቃል፣ የማያስፈራውን ይፈራል። መኪናዋ ዝናብ ላይ አድራ ጠዋት ሁለት ሦስቴ ፍሬን ሲያዝ የሚሰማው ጩኸት ዲስኩ (የፍሬን ሸራው የሚይዘው ክብ ብረት) ላይ ያደረ ቀጭን ዝገት ነው፤ ወዲያው ይጠረጋል። ያለማቋረጥ የሚጮኸው ግን ሌላ ነው። ብዙ የፍሬን ሸራ ላይ ቀጭን የብረት ምላስ አለች፤ ሸራው 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ሲቀረው ዲስኩን እየነካች እንድትጮህ ሆን ተብሎ የተሠራች ናት። አዲስ ሸራ ከ10 እስከ 12 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ልዩነቱን ራሳችሁ አስሉት። ጩኸቱ ወደ መፋጨት ከተለወጠ ብረት በብረት ነው፣ ዲስኩም እየሄደ ነው። ሸራው ፊት ላይ ግራሶ መቀባት? በፍጹም! የፍሬን ግራሶ ቦታው የሸራው ጀርባና ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው የካሊፐሩ ፒኖች ናቸው።

አንድ የቀረኝ «ድምፁ በራሱ ቀረ» የሚለው ነው። ባለፈው አንድ የቆየ ደንበኛዬ ደስ ብሎት ደወለ፤ ሁለት ወር «አምጣት» ስለው የነበረ ሰው ነው። «ይኸው ሳትነካት ዳነች!» አለኝ።

«የባትሪ መብራት በርቷል?»

«አዎ፣ አሁን ነው የበራው።»

«መሪውስ?»

«ትንሽ ከበድ ብሏል።»

«የሙቀት መለኪያውን እየው።»

ዝም አለ። ሞተሩን አጥፍቶ ባለበት እንዲቆም ነገርኩትና ቺንጋ ይዤ ሄድኩ። ያ ቀን እንኳ በእርግጥም የሚቀየረው ቺንጋው ነበር፤ ግማሹን ከፑሌጃው ላይ በፒንሳ ነው የለቀምኩት።