«የነጻ ዳይመንድ ኮድ»፦ ልጆች የሚያምኑት እና እውነታው

ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ስልክ እጠግናለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሱቄ በልጆች ይሞላል። አንዱ ስክሪኑ ተሰንጥቆበት ይመጣል፣ ሌላው ቻርጅ አልይዝ ብሎት። ሥራው እስኪያልቅ ጥግ ይዘው ፍሪ ፋየርና ፐብጂ ስለሚባሉት የስልክ ጌሞች ያወራሉ። ሰሞኑን ደግሞ ወሬያቸው ሁሉ ዳይመንድ፣ ማለትም የፍሪ ፋየርን የውስጥ ገንዘብ፣ ያስገኛል ስለሚሉት ኮድ ሆኗል። «ኮድ አገኘህ?» «ሠራልህ?» «እኔ ጋ እምቢ አለ።»

ነገሩን ለማያውቅ ወላጅ ባጭሩ ላስረዳ። የጌም ኩባንያዎች አልፎ አልፎ ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ኮድ ይለቃሉ። ተጫዋቹ ኮዱን ኩባንያው ገጽ ላይ ያስገባል። ከዚያ ልብስ፣ የመሣሪያ ስኪን (የመሣሪያው አዲስ መልክ) ወይም ሌላ ስጦታ ጌሙ ውስጥ ይደርሰዋል። ክፍያ የለውም። ይህ እውነት ነው። ችግሩ በዚህ እውነት ዙሪያ የሚወራው ነው።

«ኮድ የሚያመርት አፕ አለ»

የለም። የፍሪ ፋየርን ኮድ እንውሰድ። 12 ወይም 16 ሆሄ አለው። በየቦታው ከ26 የእንግሊዝኛ ፊደላትና ከ10 አሃዞች አንዱ ይገባል። አጭሩን፣ ባለ 12ቱን ብቻ ብንቆጥር እንኳ፣ ሊፈጠሩ የሚችሉት ድብልቆች ከ4 ቢሊዮን ቢሊዮን ይበልጣሉ። በሰከንድ አንድ ሚሊዮን የሚሞክር ማሽን ሁሉንም ለመጨረስ ከ140 ሺህ ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ደግሞ ኮድ የሚሠራው ቅርጹ ኮድ ስለመሰለ አይደለም። ኩባንያው ራሱ መዝግቦ ስላስቀመጠው ነው። መዝገቡ ላይ ከሌለ ተራ ፊደል ነው። ሮብሎክስ የሚባለው ሌላ ጌም ኩባንያም ሮበክስ ስለሚባለው የጌሙ ገንዘብ ነጻ «ማመንጫዎች» ለተጫዋቾቹ በግልጽ ተናግሯል፦ ማጭበርበሪያ ናቸው።

ታዲያ አፑ ምን ይሠራል? አንዳንዱ ማስታወቂያ እያሳየ ዳታህን ይበላል። ይሄኛው ይሻላል። የሚያስፈራኝ ከፕሌይ ስቶር ውጭ በቴሌግራም የሚወርደው ኤፒኬ፣ ማለትም የአፕ መጫኛ ፋይል፣ ነው። ሲጫን ኤስኤምኤስ ላንብብ ብሎ ፈቃድ ይጠይቃል። የጌም ስጦታ የሚሰጥ አፕ የእናትህን ኤስኤምኤስ ምን ያደርግለታል? የባንክ ማረጋገጫ ቁጥር የሚመጣው በዚያ መንገድ ነው። እንዲህ ያለ ስልክ ሲመጣልኝ መጀመሪያ ዳታውን እዘጋለሁ፣ ከዚያ አፑን አጠፋለሁ።

«ስጦታውን ለመላክ ፓስወርድ ወይም የስልክ ቁጥር ይፈልጋሉ»

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ብዙ ሰው የተጎዳው በዚህ ነው።

አንድ ቀን የ13 ዓመት ልጅ እናቱን ተከትሎ ሱቄ ገባ። ቀና ብሎ አያየኝም። እናቱ ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና «ወንድሜ፣ ዘመድ ሁሉ ይደውልልኛል፤ ብር ጠይቀሽን ነበር ይሉኛል» አሉ። ቴሌግራማቸውን ከፈትኩት። በእሳቸው ስም ሻሸመኔ ላለች እህታቸው፣ አዲስ አበባ ላለ ወንድማቸው፣ ለዕቁብ ጓደኞቻቸው ጭምር አንድ ዓይነት መልእክት ተልኳል፦ «ቸግሮኛል፣ ቶሎ 5 ሺህ ብር ላክልኝ፣ ማታ እመልሳለሁ።»

ልጁን ለብቻው ጠየቅኩት። «ጋሼ፣ ዳይመንድ እንሰጥሃለን አሉኝ። መጀመሪያ ስልክ ቁጥር ጠየቁኝ። ከዚያ የሚመጣልህን 5 ቁጥር ላክልን አሉኝ።»

ያቺ ባለ 5 አሃዝ ቁጥር የቴሌግራም መግቢያ ናት። አብሯት የሚመጣው መልእክት ለማንም አትስጥ ይላል። ግን በእንግሊዝኛ ነው፣ ልጁም የቸኮለው ለዳይመንዱ ነው።

እውነተኛው አሠራር እንዲህ ነው። ፐብጂ ሞባይል የሚጠይቅህ የተጫዋች መለያ ቁጥርህን፣ ኮዱንና ሥዕሉ ላይ የምታነባትን ማረጋገጫ ነው። ስጦታው ጌሙ ውስጥ ባለው የመልእክት ሳጥን ይመጣል። የፍሪ ፋየሩ ገጽ በጉግል ወይም በፌስቡክ ግባ ይልሃል። ፓስወርድ የምትጽፈው ግን ራሱ ጉግል ወይም ራሱ ፌስቡክ ገጽ ላይ ነው። የፍሪ ፋየር ኩባንያ ጋሬና ፓስወርድህን አያይም።

ሐሰተኛው ገጽ እውነተኛውን ቁርጥ ይመስላል። የሚለየው አድራሻው ነው። ልጆቹ «ጋሬና» የሚል ቃል ካዩ ይበቃቸዋል። አይበቃም። ከመጀመሪያዎቹ ሁለት እዝባሮች (//) ቀጥሎ የሚመጣውን ነጠላ እዝባር ፈልጉ። ከእሱ በስተግራ ተጠግተው ያሉትን ሁለት ቃላት አንብቡ። የገጹ ባለቤት እነሱ ናቸው። የፍሪ ፋየር ትክክለኛው አድራሻ «ሪዋርድ ነጥብ ኤፍኤፍ ነጥብ ጋሬና ነጥብ ኮም» ነው፤ መጨረሻው ጋሬና ነጥብ ኮም ነው። ጋሬና የሚለው ቃል ፊት ላይ ኖሮ መጨረሻው ሌላ ከሆነ፣ ገጹ የሌላ ሰው ነው።

«እምቢ ካለ ኮዱ ውሸት ነው»

ብዙ ጊዜ ኮዱ እውነተኛ ነው። እምቢ የሚለው በሌላ ምክንያት ነው።

አንደኛው ሰዓት ነው። ኮዶች የሚያበቁበት ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ በዓለም አቀፉ ሰዓት ይጻፋል፤ «ዩቲሲ» የሚለው እሱ ነው። የእኛ አገር ሰዓት ከእሱ በ3 ሰዓት ይቀድማል። በዚያ ላይ እኛ የምንቆጥረው ከጠዋት ጀምረን ነው። ስለዚህ «12:00 ዩቲሲ ላይ ያበቃል» ከተባለ፣ በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ማለት ነው። አንድ ልጅ ማታ 12 ሰዓት መስሎት ከትምህርት ቤት መልስ ተረጋግቶ ምሳውን በልቶ፣ ኳስ ተጫውቶ ሲመለስ ኮዱ ሞቶ አገኘው። በጣም ነው ያሳዘነኝ። ኮዱን ያገኘው በትክክለኛው መንገድ ነበር።

ሁለተኛው አገር ነው። ለህንድ ሰርቨር (የአገሩ ተጫዋቾች ለሚገናኙበት የኩባንያው ኮምፒውተር) የተለቀቀ ኮድ በሌላ ሰርቨር አይሠራም። ቴሌግራም ላይ የሚዞረው ግን ከየትም የተለቀመ ነው።

ሦስተኛውን ሱቄ ውስጥ ብዙ ጊዜ አየዋለሁ። ልጆቹ ጌሙን የሚከፍቱት «እንግዳ» ሆነው ነው፤ በኢሜይል ሳይገቡ ዝም ብሎ መጫወት ማለት ነው። የፍሪ ፋየር ሕግ ለእንግዳ አካውንት ስጦታ አይሰጥም። መጀመሪያ ከጉግል ወይም ከፌስቡክ ጋር መታሰር አለበት። እንግዳ አካውንት ሌላም አደጋ አለው። ስልኩ ፎርማት ሲደረግ የዓመት ልፋት አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ፎርማት ከማድረጌ በፊት ሁልጊዜ እጠይቃለሁ።

የቀረው ጥቃቅን ነው። ኦ ፊደልን ከዜሮ መለየት፣ ፔስት ሲደረግ ከፊቱ ባዶ ቦታ አለመኖሩን ማየት። አንድ ኮድ ለአንድ አካውንት አንዴ ብቻ ነው የሚሠራው።

«ጥሩ ኮድ በብር ይገዛል»

ኩባንያው በነጻ ለሁሉም የለቀቀውን ኮድ በ100 ብር የሚሸጥልህ ሰው፣ የሚሸጠው የአንተን አለማወቅ ነው። በገንዘብ የሚገዛው የስጦታ ካርድ ሌላ ነገር ነው። እሱም ቢሆን የአገር ወሰን አለው። ለአሜሪካ የተሠራ የጉግል ፕሌይ ካርድ ሌላ አገር ላይ በተከፈተ አካውንት አይሞላም።

«ኮድ ማለት ዳይመንድ ነው»

ባብዛኛው አይደለም። ዳይመንድ ኩባንያው ሸጦ የሚኖርበት ዕቃ ነው። በኮድ የሚመጣው ልብስ፣ ስኪን፣ የዕጣ ሣጥን ነው። ኮዱ የሚለቀቀውም ተጫዋቹ የቀጥታ ስርጭታቸውን እንዲያይ፣ ገጻቸውን እንዲከተል ነው። «10 ሺህ ዳይመንድ» የሚል ነገር ካያችሁ ገጹን ዝጉት።

«ሁሉም ሌብነት ነው፤ መፍትሔው ስልኩን መንጠቅ ነው»

ይህ የወላጆች ነው። ንዴታቸው ይገባኛል። ግን ልጁ ኮድ እውነት መሆኑን ያውቃል፤ ጓደኛው ሠርቶለታል። ሁሉም ውሸት ነው ስትሉት እናንተን ማመን ያቆማል። ቀጥሎ ስህተት ሲሠራ ደግሞ ይደብቃል። ያ ልጅ ቁጥሩን ከሰጠ በኋላ ዱላ ፈርቶ ሁለት ቀን ዝም ብሏል። ብሩ የተጠየቀው በእነዚያ ሁለት ቀናት ነው።

ቶሎ ቢናገር ኖሮ ሥራው የአምስት ደቂቃ ነበር። ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ «ዲቫይስ» የሚል አለ። እዚያ ገብቶ ሌሎቹን ስልኮች ሁሉ ማስወጣት ነው። ገና የገባ ሌባ የባለቤቱን ስልክ ወዲያው ማስወጣት አይችልም፤ ቴሌግራም ጊዜ ያስጠብቀዋል። የቀደመ ያሸንፋል። ከዚያ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ማብራት። የጉግል ፓስወርድ ሰጥታችሁ ከሆነም እንዲሁ ነው፦ ፓስወርዱን መቀየር፣ የማታውቁትን ስልክ ማስወጣት፣ ከዚያ ለዘመድ ደውሎ ብር እንዳይልክ መንገር።

እናትየው እዚያው ቆመው ለእህታቸው ደወሉ። እህትየው አልላከችም ነበር፤ «ድምፅሽን ሳልሰማ አልልክም ብዬ ነው» አለቻቸው። ልጁ ያኔ ነው ቀና ያለው።