«ሴል ከሞተ በሽታ ነው»፦ ስለ ሴል ሞት፣ ስለ መካንነትና ስለ ካንሰር የሚባለውና እውነታው

ጅማ ላይ ካንሰርና መካንነት የሚነሱት ቡናው በረካ ከደረሰ በኋላ፣ ያውም በሹክሹክታ ነው። ከሚባለው ውስጥ የሴል ሞትን የሚነካውን ልምረጥ።

«ሴል መሞቱ የበሽታ ምልክት ነው»

የጤነኛ ሰው ሰውነት በየቀኑ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ሴሎችን ይሸኛል፤ በአዲስም ይተካል። ይህ ሞት ቃጠሎ ወይም ቁስል ከሚያመጣው የተለየ ነው። ሴሉ ራሱን በሥርዓት ይቆራርጣል፣ አጠገቡ ያሉት ቅሪቱን ውጠው ያጸዱታል፤ መግል የለ፣ እብጠት የለ። እንዲህ ያለው ሞት እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ አፖፕቶሲስ ይባላል። ጣቶቻችን የተለያዩትም ማህፀን ሳለን በመካከላቸው የነበሩት ሴሎች ስለሞቱ ነው።

ውሳኔው በአብዛኛው ቢሲኤል-2 በሚባል የፕሮቲን ቤተሰብ እጅ ነው። ቢሲኤል-2 ራሱ፣ ቢሲኤል-ኤክስኤልና ኤምሲኤል-1 ሴሉን በሕይወት ያቆያሉ። ባክስና ባክ ደግሞ እነዚህ አቆያቾች ከለቀቋቸው የሚቶኮንድሪያን፣ ማለትም የሴሉን ኃይል ማመንጫ ሽፋን ይበሳሉ፤ ከዚያ ወዲያ ሴሉ ብዙ ጊዜ አይተርፍም። ሴሉ ክፉኛ ሲጎዳ ፑማና ኖክሳ የሚባሉት መጥተው አቆያቾቹን ይይዟቸዋል፤ ባክስና ባክም ይለቀቃሉ።

«ካንሰር ማለት ቶሎ ቶሎ የሚባዛ ሴል ነው»

ግማሹን ብቻ ነው የሚናገረው። እ.ኤ.አ. በ1988 አውስትራሊያ፣ ሜልቦርን ውስጥ ተመራማሪዎቹ ዴቪድ ቮ፣ ሱዛን ኮሪና ጄሪ አዳምስ ቢሲኤል-2 ሴልን እንደማያባዛ፣ መሞት የነበረበትን ግን እንደሚያቆየው አሳዩ። የቢሲኤል-2 ጂን የተገኘው ፎሊኩላር ሊምፎማ ከተባለ የንፍፊት ካንሰር ነው፤ የክሮሞዞም 14 እና 18 ቁራጮች ቦታ ሲለዋወጡ ያለ ዕረፍት መሥራት ይጀምራል። ይህ ካንሰር ብዙ ጊዜ ለዓመታት ዝግ ብሎ ነው የሚያድገው። (አንገት ላይ ያበጠ ንፍፊት ሁሉ ግን ካንሰር አይደለም፤ እኛ አገር ቲቢም ያሳብጠዋል። የሚለየው ናሙና ተወስዶ ነው።)

«የወሊድ መከላከያ እንቁላል ይጨርሳል»

እንቁላል የሚያልቀው መከላከያ ከመታሰቡም በፊት ነው። አምስት ወር ገደማ የሆናት የሴት ጽንስ ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን እንቁላል አላት፤ ስትወለድ ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን ይቀራል፣ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ 300 ሺህ ገደማ። በዕድሜዋ ሙሉ የሚወጡት ከ400 እስከ 500 ቢሆኑ ነው። የቀሩት ኪኒን ብትውጥም ባትውጥም ይሞታሉ። ወሬውን ያመጣው መርፌው ይመስለኛል፤ እሱን ያቆመች ሴት ለማርገዝ ወራት ሊወስድባት ይችላል፣ እንቁላሏ ግን አላለቀም።

እንቁላልን በእርግጥ የሚጎዱት ጨረርና አንዳንድ የኬሞ (የካንሰር) መድኃኒቶች ናቸው። ፑማና ኖክሳ የሌላቸው አይጦች እንቁላላቸው ከጨረር ተርፎ ጤነኛ ግልገል እንደወለዱ እ.ኤ.አ. በ2012 ታይቷል። ለሰው የሚሆን እንዲህ ያለ መድኃኒት ገና የለም። ስለዚህ ጅማም ሆነ አዲስ አበባ ሕክምና የምትጀምር ወጣት ስለ መውለድ መጠየቅ ያለባት ከመጀመሪያው ጨረር ወይም ኬሞ በፊት ነው። ማፈር አያስፈልግም።

«መካንነት የሴቷ ጉዳይ ነው»

ከዚሁ ከቢሲኤል-2 ቤተሰብ ቢሲኤል-ደብልዩ የተባለውን ፕሮቲን ያጡ ወንድ አይጦች መካን ናቸው፤ ሴቶቹ ይወልዳሉ። ሰው አይጥ ባይሆንም ባልየውም አብሮ ይመርመር።

«እነዚህን ፕሮቲኖች የሚያግድ መድኃኒት ማንኛውንም ካንሰር ያጠፋል»

ቬኔቶክላክስ የሚባለው ኪኒን ቢሲኤል-2ን ያግዳል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2016 የፈቀደችው ለአንድ ዓይነት የደም ካንሰር ነበር፤ አገራችን ሴቶችን በብዛት የሚይዙት የጡትና የማህፀን በር ካንሰር መደበኛ ሕክምና አይደለም። ቢሲኤል-ኤክስኤልን ማገድ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፦ ደም የሚያረጉት ፕሌትሌቶች በሕይወት የሚቆዩት በእሱ ነው። ቬኔቶክላክስም ቢሆን ሴሎቹን በአንዴ ሲገድል ቅሪታቸው ኩላሊትን ሊያውክ ይችላል። ለዚህ ነው ሥር የሰደደ የሊምፎይድ ደም ካንሰር ያለበት ሰው በ20 ሚሊግራም ጀምሮ በአምስት ሳምንት 400 የሚደርሰው፤ ውሃም በብዛት ይጠጣል።