«ዩሪያ ጨምርበት» እና ሌሎች ስለ ስንዴ ዋግ የምንሰማቸው ስህተቶች

«ስንዴው ቢጫ ሆነ፣ ዩሪያ አንሶት ነው።» ቆይ፣ መጀመሪያ ቅጠሉን እንየው። ናይትሮጅን ያነሰው ስንዴ ቢጫ መሆን የሚጀምረው ከታች ከአሮጌው ቅጠል ነው፤ በጣት ብታሹት ምንም አይወጣም። ቢጫ ዋግ የሚባለው የፈንገስ በሽታ ግን የቅጠሉን ርዝመት ተከትሎ በመርፌ እንደተሰፋ ተደርድሮ ይወጣል፣ በአውራ ጣት ስትጠርጉት ደግሞ እንደ እርድ ዱቄት ጣት ላይ ይቀራል። በጣም የተያዘ ማሳ ውስጥ ገብቶ የወጣ ሰውማ ሱሪው ይመሰክርበታል። እዚህ ላይ ዩሪያ መጨመር በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው፤ ለምለምና ጥቅጥቅ ያለ ስንዴ ጠሉ ቶሎ አይደርቅለትም፣ ፈንገሱ የሚወደው ደግሞ ቀዝቃዛ አየርና እርጥብ ቅጠል ነው።

«ዝርያው ዋግ ይቋቋማል ተብሎ ነው የሰጡኝ።» ብዙ ሰው ጉድ የሆነው በዚህ ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ2010 ገበሬው የሚወዳቸው የስንዴ ዝርያዎች ኩብሳና ገለማ በቢጫ ዋግ ክፉኛ ተመቱ። ከዚያ ቢጫ ዋጉን የሚቋቋመው ዲገሉ በሰፊው ተዘራ። ሦስት ዓመት ቆይቶ በ2013 ሌላ ዓይነት የግንድ ዋግ መጣና ባሌና አርሲ ላይ ያንኑ ዲገሉን አወደመው። ዘሩ አርጅቶ አይደለም። የተለወጠው ዋጉ ነው። ስለዚህ አምና የዳነ ዝርያ ዘንድሮም ይድናል ብሎ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ የለም፣ ቢያንስ በሳምንት አንዴ ማሳ ውስጥ መግባት ነው።

«ጭዱን አቃጥለነዋል፣ አይመለስም።» ይሄ ለሴፕቶሪያ ቢሆን ትንሽ ያስኬዳል። ሴፕቶሪያ ማለት ያ ቡናማው የደረቀ ጠባሳ፣ መሃሉ ላይ ጥቃቅን ጥቁር ነጥብ ያለው፤ እሱ ቅሪት ላይ ይከርምና በዝናብ ፍንጣቂ ወደ ላይ ይወጣል። ዋግ ግን የሚኖረው ሕይወት ባለው ተክል ላይ ነው። ጭዱን ስታቃጥሉ የከብቱን መኖ ነው ያቃጠላችሁት። የሚያከርመውስ? ሳይዘሩት ራሱ የበቀለው ስንዴ፣ አሁን አሁን ደግሞ በበጋ በመስኖ የሚለማው። ከዚያ በነፋስ ወረዳ አቋርጦ ይመጣል።

«ረጭቼ ነበር፣ ምንም አልሠራም።» ምን ረጫችሁ? ቱ-ፎር-ዲ ከሆነ የአረም ነው። ማላታይን ከሆነ የነፍሳት ነው። የሚፈለገው ፀረ-ፈንገስ ነው፣ እንደ ቲልት ያለ። ቲልት ለሄክታር ግማሽ ሊትር ነው፤ በ200 ሊትር ውሃ ከሆነ ባለ 20 ሊትሩ መርጫ 10 ጊዜ ይሞላል፣ በእያንዳንዱ 50 ሚሊ ሊትር። በቆርኪ እየገመቱ መጨመር፣ ወይ «ይበርታ» ብሎ እጥፍ ማድረግ ገንዘብም ጤናም ነው የሚያባክነው። ሌላ ዓይነት ከገዛችሁ ማሸጊያው ላይ ያለውን መጠን ተከተሉ።

«ሲብስ እረጫለሁ» የሚለውም አለ። የደረቀ ቅጠል በመድኃኒት አይለመልምም። ፍሬውን በአብዛኛው የሚሞሉት ከዛላው ስር ያሉት የላይኞቹ ቅጠሎች ናቸው፤ ዋጉ እነሱ ጋ ሳይደርስ ነው መቅደም። የጎረቤት ማሳ ላይ ቢጫው ከታየ የእናንተም ላይ ሳይኖር አይቀርም፣ ምክንያቱም ፈንገሱ ቅጠሉ ውስጥ ከገባ በኋላ ዱቄቱ እስኪታይ ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል።