ያልላክነው ኢሜይል «አልደረሰም» ብሎ ሲመለስ፦ ባክስካተር ምንድን ነው?

ባለፈው ክረምት አንድ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። የደወለችው ሐዋሳ ሐይቅ አጠገብ ባለ አንድ ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ ሪሴፕሽን ላይ የምትሠራ ልጅ ናት። «እባክህ ወንድሜ ቶሎ ድረስልን፣ ኢሜይላችን ተጠልፏል» አለችኝ። ባጃጅ ይዤ ሄድኩ።

ኢንቦክሱን ስከፍተው ከ400 በላይ አዲስ መልእክት ተደርድሯል። ላኪው ሁሉም ላይ «ሜይለር ዴመን» ወይም «ፖስትማስተር» ነው። የሚሉትም አንድ ነገር ነው፦ የላካችሁት መልእክት አልደረሰም፣ በዚህ አድራሻ የሚታወቅ ሰው የለም። ልጅቷ ግን አድራሻዎቹን አይታቸው አታውቅም። አብዛኞቹ የፖላንድና የብራዚል ናቸው። ባለቤትየዋ ፊታቸው ተለዋውጦ ከአጠገባችን ቆመዋል። አይፈረድባቸውም፤ እንግዳ ክፍል የሚይዘው በዚሁ አድራሻ ነው።

ይህ ነገር ባክስካተር ይባላል። አንድ አጭበርባሪ የእናንተን አድራሻ ላኪ አድርጎ ስፓም፣ ማለትም ማንም ያልጠየቀው የጅምላ መልእክት፣ ይበትናል። ከተቀባዮቹ ብዙዎቹ የሉም። «አልደረሰም» የሚለው ማስታወቂያ ታዲያ ወደ አጭበርባሪው ሳይሆን ወደ እናንተ ይመጣል።

እንዴት ሊሆን ይችላል? ከመናኸሪያ ወደ አዲስ አበባ በሹፌር እጅ ፖስታ ልካችሁ ታውቁ ይሆናል። ፖስታው ላይ የተቀባይ ስምና ስልክ ትጽፋላችሁ፣ ጥግ ላይ ደግሞ የላኪ። ሹፌሩ መታወቂያ አይጠይቅም። ጥግ ላይ የጎረቤታችሁን ስም ብትጽፉም ይወስደዋል። ተቀባዩ ከጠፋ ፖስታው የሚመለሰው ለማን ነው? ለጎረቤታችሁ። ስለ ፖስታው ምንም ባይሰሙም ይመለስላቸዋል።

ኢሜይል የሚጓዝበት ደንብ ኤስኤምቲፒ ይባላል። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ጆን ፖስቴል ጽፎ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። ያኔ መረቡ ትንሽ ነበር፤ የሚጠቀሙበትም በአብዛኛው የዩኒቨርሲቲና የምርምር ሰዎች ነበሩ። ላኪ ነኝ የሚለው ሰው እውነት ላኪው መሆኑን የሚያጣራ ነገር ደንቡ ውስጥ አልገባም። ደግሞ አንድ ኢሜይል ሁለት የላኪ አድራሻ አለው፤ አንዱ ፖስታው ላይ፣ ሌላው ደብዳቤው ውስጥ። ስልካችን ላይ የምናየው የውስጡን ነው። ተመላሹ የሚሄደው ግን ፖስታው ላይ ወዳለው ነው። ሁለቱንም በሐሰት መጻፍ ይቻላል።

ተመላሽ ወይም ባውንስ ራሱ ክፉ ነገር አይደለም። እንዲያውም ያስፈልገናል። ውስጡ ያለው ቁጥር ይናገራል። በ5 ከጀመረ ነገሩ ያለቀለት ነው፤ ለምሳሌ 550 ብዙ ጊዜ «ይህ ሳጥን የለም» ማለት ነው። በ4 ከጀመረ «አሁን አልቻልኩም፣ ቆይተህ ሞክር» ነው፤ ላኪው ሰርቨርም (ኢሜይል የሚያመላልሰው ኮምፒውተር) አብዛኛውን ጊዜ አራት አምስት ቀን እየደጋገመ ይሞክራል። አንድ የምወደው ነገር አለ። የተመላሽ ማስታወቂያ የራሱ ፖስታ ላይ የላኪው ቦታ ባዶ ነው። ባዶ ባይሆን ተመላሹም ተቀባይ ሲያጣ ሌላ ተመላሽ ይወልዳል፣ ያም ሌላ፣ ሁለት ሰርቨሮች ሌሊቱን ሙሉ ሲመላለሱ ያድሩ ነበር።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? ዋናው ጥፋት የአጭበርባሪው ነው። ሁለተኛው ግን ተቀባዩ ሰርቨር ላይ ነው፤ ሰርቨር የምታስተዳድሩ ይህን አጥብቃችሁ ያዙልኝ። ጥሩ ሰርቨር በር ላይ ይጠይቃል። «ለማን ነው?» ይላል፤ የለም ከሆነ እዚያው «አልቀበልም» ብሎ ይመልሳል። መልእክቱ ያመጣው ማሽን እጅ ላይ ይቀራል፤ ያ ማሽን የአጭበርባሪ ከሆነ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ለሦስተኛ ሰው ማስታወቂያ አይጻፍም። መጥፎ ሰርቨር ግን ሁሉንም አስገብቶ «እሺ ተቀብያለሁ» ይላል። ከዚያ ሳጥኑን ሲፈልግ ያጣዋል። ከዚያ ፖስታው ላይ ላለው ስም ደብዳቤ ይጽፋል። እነዚያ 400 መልእክቶች የተወለዱት እንዲህ ነው።

ስለዚህ ሰርቨራችሁ መልእክት ከመቀበሉ በፊት የተቀባዮቹን ዝርዝር ይወቅ። ዋናው ሰርቨር ሲወድቅ ተክቶ የሚቀበል ሁለተኛ ሰርቨር ካላችሁ እሱም ይወቅ፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው። ስፓም መሆኑን ካወቃችሁ በር ላይ መልሱት፣ ካለፈ ደግሞ ስፓም ፎልደር ውስጥ ይግባ። ከገባ በኋላ ግን አትመልሱት። «ቢሮ ውስጥ የለንም፣ ስንመለስ እንጽፋለን» የሚለው አውቶማቲክ መልስም ለስፓም ሲመልስ ያው ባክስካተር ነው።

ወደ ማረፊያው ልመለስ። መጀመሪያ ማወቅ የነበረብን አንድ ነገር ነው፤ ስማችንን ብቻ ነው የሰረቁት ወይስ ቤት ገብተዋል? ከተመላሾቹ አንዱን ከፈትኩ። ከሥሩ ዋናው መልእክት ከነሙሉ ሄደሩ፣ ማለትም መንገዱን ከሚናገሩት የራስጌ መስመሮች ጋር፣ ተያይዟል። መልእክቱ ያለፈበት እያንዳንዱ ሰርቨር አንድ አንድ መስመር ከላይ ይጨምራል። የታችኞቹን አጭበርባሪው ራሱ ፈጥሮ ሊጽፋቸው ይችላል። የላይኛውን ግን የጻፈው ተቀባዩ ሰርቨር ነው፤ መልእክቱን ከየትኛው አይፒ (የማሽን የኢንተርኔት አድራሻ ቁጥር) እንደተረከበ እዚያ ይታያል። አይፒው የእኛ ሰርቨር አይፒ አልነበረም። የእኛን ሎግም፣ ማለትም ሰርቨሩ የሠራውን የሚመዘግብበትን ፋይል፣ አየሁት፤ በዚያ ሌሊት ከማረፊያው አካውንት የወጣ ምንም የለም። «አልተጠለፋችሁም፣ ስማችሁን ነው የተዋሱት» ስላቸው ባለቤትየዋ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

አይፒው የእኛ ቢሆን ኖሮ ሥራው ሌላ ነበር። ፓስወርድ ወዲያው ይቀየራል። ሁሉም ስልክና ኮምፒውተር ከአካውንቱ ይወጣል። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ይከፈታል። ሌባው መልእክቶቻችሁ ወደሱ እንዲተላለፉ ያስቀመጠው ትእዛዝ እንዳለም ይታያል፤ ፓስወርድ ቀይረው ይህን የሚረሱ ብዙ ናቸው።

ተመላሾቹን ሳጠራ አንዷ ዓይኔን ያዘችው። መልኳ ከሌሎቹ ጋር አንድ ነው። የምትለው ግን «ሳጥንዎ ስለሞላ 12 መልእክቶች ተይዘዋል፤ ለመልቀቅ እዚህ ይጫኑ» ነው። ሊንኩ የሚወስደው የማረፊያውን ኢሜይል መግቢያ ወደሚመስል፣ የሌላ ሰው ዶሜይን (የኢንተርኔት ስም) ላይ ወዳለ ገጽ ነው። ልጅቷ ልትጫነው እንደነበር ነገረችኝ። ይህ ፊሺንግ ነው። እውነተኛ ተመላሽ የሆነውን ይነግራችኋል እንጂ ፓስወርድ አይጠይቅም። ግቡና ልቀቁ የሚል «ተመላሽ» ካያችሁ አትንኩት።

መከላከያው ሦስት ነው፤ ሦስቱም ዶሜይናችሁ ዲኤንኤስ (ማንም ሊያየው የሚችል የዶሜይኖች መዝገብ) ላይ የሚጻፉ መስመሮች ናቸው። ኤስፒኤፍ «በእኔ ስም የሚልኩት እነዚህ ሰርቨሮች ብቻ ናቸው» ይላል። ዲኪም በምትልኩት ላይ ሁሉ የማይታይ ማኅተም ያትማል። ዲማርክ ሁለቱን ደብዳቤው ውስጥ ከሚታየው ስም ጋር ያገናኝና «ከሁለቱ አንዱም ካልተስማማለት ይህን አድርጉበት» ብሎ ለተቀባዩ ይነግራል። ከየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጎግል በቀን ከ5,000 በላይ መልእክት ወደ ጂሜይል ለሚልክ ሰው ሦስቱንም ግዴታ አድርጓል። ለትንሽ ድርጅትም ቢሆን እኔ ሦስቱንም እላለሁ። እርግጥ ተመላሽን ሙሉ በሙሉ አያስቆሙም፤ የማያጣራ ሰርቨር ምንጊዜም አለ። የሚያጣሩት ግን በስማችሁ የመጣውን ሐሰተኛ መልእክት ከበር ይመልሱታል።

ማረፊያው ኤስፒኤፍ ብቻ ነበረው፣ እሱም ላላ ያለ። ዲኪሙን ከፈትን። ዲማርኩን መጀመሪያ «ምንም አታድርጉ፣ ሪፖርት ብቻ ላኩልን» ብለን አስገባነው። ይህን ደረጃ አትዝለሉት። ሪፖርቱ ሲመጣ ለእንግዶች ደረሰኝ የሚልከው ሶፍትዌር በሌላ ሰርቨር በኩል በማረፊያው ስም እንደሚልክ አየን። ማንም አላስታወሰውም ነበር። በመጀመሪያው ቀን «ሁሉንም መልሱ» ብንል ኖሮ የራሳችን ደረሰኝ ከእንግዳው በር ይመለስ ነበር። ያንን ሰርቨር ዝርዝሩ ውስጥ ካስገባን በኋላ ነው ዲማርኩን ጠበቅ ያደረግነው።

የተመላሾቹ ጎርፍ በሦስተኛው ቀን ቆመ። አጭበርባሪው ወደ ሌላ ሰው ስም አልፎ መሆን አለበት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጅቷ እንደገና ደወለች። «ተመላሽ መጥቶልኛል፣ ግን አትምጣ» አለችኝ። «አድራሻው የእኛ እንግዳ ነው፣ ትናንት እኔው ነኝ የላክሁለት። ቁጥሩ 5.2.2 ይላል፤ ሳጥኑ ሞልቷል ማለት አይደል?» «ነው» አልኳት። ለእንግዳው በስልክ ደውላ ክፍሉን አረጋገጠችለት።