ኢቅታ ምንድን ነው? ርስት ግን አይደለም!

«የዴልሂ ሱልጣኖች መሬቱን ለመኳንንቱ በኢቅታ አከፋፈሉት፣ እነሱም ባለርስት ሆነው ቀሩ።» ይቺን አባባል ሰሞኑን ደጋግሜ አየኋት። አንዱማ ጭራሽ «ኢቅታ የህንድ ርስት ነው» ብሎ ደምድሟል። ወንድሜ፣ አይደለም! ኢቅታ ከአንድ አካባቢ ግብር የመሰብሰብ ሥልጣን ነው፤ ያውም ግዴታ ያለበት።

ማነጻጸር ካስፈለገ የሚቀርበው ጉልት ነው። ባለጉልቱ ግብሩን ይበላል እንጂ ርስቱ የገበሬው ነው። ሙቅጢ የሚባለው ባለኢቅታም ግብሩን ሰብስቦ ወታደሮቹን ይቀልባል፣ ሲጠራ ይዘምታል። ግን ከወጪው የተረፈውን ለሱልጣኑ ግምጃ ቤት ያስገባል፣ ሒሳቡም ይመረመራል። ሱልጣኑ ሲፈልግ ወደ ሌላ ግዛት ያዛውረዋል። ለልጁ የማውረስ መብት የለውም። (የቤተ ክርስቲያን ጉልት እዚህ አይገባም፤ እሱ ቋሚ ነበር።)

«ታዲያ መሬት ነጠቀ የሚባለው አላኡዲን ኺልጂ ማንን ነው የነጠቀው?» ትሉኝ ይሆናል። እ.ኤ.አ. ከ1296 እስከ 1316 የገዛው ይህ ሱልጣን በስጦታና በወቅፍ (ለእስልምና በጎ አድራጎት በተሰጠ ንብረትነት) የተያዙ መሬቶችን ወደ መንግሥት መልሷል፣ እውነት ነው። ዋናው ዱላ ያረፈው ግን ኾትና ሙቀደም በሚባሉት የገጠር ሹሞች ላይ ነው፤ የእኛን ጭቃ ሹም አስቡ። ጥሩ ፈረስ ይጋልባሉ፣ በፋርስ ቀስት ያድናሉ፣ የራሳቸውን ግብር ግን አይከፍሉም፤ ሸክሙ ድሃው ላይ ይወድቃል። አላኡዲን ማሳው እንዲለካ፣ ከምርቱም ግማሹ እንዲከፈል፣ ሹሙም እንደማንም ገበሬ እንዲከፍል አዘዘ። ተራውን ፈረሰኛ ደግሞ በኢቅታ ፋንታ በዓመት 234 ታንካ ጥሬ ገንዘብ ከፈለው። የሒሳብ ምርመራው ከመጥበቁ የተነሣ ለግብር ጸሐፊ ልጁን የሚድር ሰው ጠፋ ይላል የታሪክ ጸሐፊው ባራኒ።

ባራኒን ስታነቡ ጥንቃቄ አይለያችሁ። የጻፈው ሱልጣኑ ከሞተ ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ ነው፣ እሱም የባለሥልጣን ልጅ ነው። «ግማሽ» የሚለውም የታዘዘው ነው፤ የታዘዘው ሁሉ ተሰበሰበ ማለት አይደለም።

ኢቅታን ለልጅ ማውረስ የመጣው በሱልጣን ፊሩዝ ሻህ ቱግሉቅ ዘመን ነው፣ ከ1351 እስከ 1388። ወታደሩ ሲያረጅ ቦታውን ልጁ፣ ልጅ ከሌለው አማቹ፣ እሱም ከሌለ ባሪያው እንዲይዘው ተፈቀደ። ይህን ከመቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ጎትቶ በ1211 ዙፋን በያዘው በኢልቱትሚሽ ላይ መለጠፍ ግን ታሪክ ማፋለስ ነው።